ለቅሶ ለመድረስ ሮም ቀረን

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

በረራ የለም። አድማ ነው አሉ። ሠራተኛው ሥራ አቁሞ አደባባይ ወጥቷል። ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ… ቦሎኛ የእህቴን ልጅ ሠርግ በልተን፣ ሮም ሁለት ሰዓት ብቻ ቆይተን፣ ማታ ወደ አዲስ አበባ ነበር። ሁለት ሰዓቷም በዝታብኝ ነበር።

አልዶ ግን ፊቱ በራ። ባሌ፣ ስድሳ አንድ ዓመቱ፣ በሄደበት ሁሉ «እኛ ሮም…» ሲል የኖረ፣ ሮምን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ። አባቱ ጣሊያን ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላው ጥሎት ሄደ። ስም ትቶለት፣ በቃ። ሮም ውስጥ ያለን ርስት ይኸው ነው።

«ጥሩ አጋጣሚ ነው» ይለኛል። እኔ ሻንጣ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬ አብጦ… ጥሩ አጋጣሚ!

ተመስገን ደወለ፣ የመጽሔታችን አዘጋጅ። ያዝንልኛል ስል «ለዓምድሽ አሪፍ ነገር ተገኘ! ጥንዶች ባላሰቡት የሮም ቆይታ የወደዷቸው አምስት ነገሮች!» አለኝ። አምስት? አንድ ካገኘሁ ምን አለ በሉኝ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሆቴል እንያዝ አልኩ። «እትዬ ፒና ሮም እያሉ ሆቴል? ቢሰሙ መቼም አይምሩኝም» አለ አልዶ። እትዬ ፒና ካዛንቺስ የአልዶ እናት ጎረቤት ነበሩ። እሳቸውም እንደሱ ክልስ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ እዚህ ከመጡ አርባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ቤታቸው ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም። ሻንጣዬን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አልዶማ ወገቡን ያመዋል፣ ሮም ሲደርስ ጀመረው።

ሶፋቸው እስከ ዛሬ ላስቲኩ አልተነሳም። ስቀመጥም ስነሳም ይጮሃል።

ራት። ፓስታ በላን። በቃን ስንል ሥጋ መጣ። «በሞቴ!» ሥጋው ሲያልቅ ሰላጣ። ሰላጣ፣ መጨረሻ ላይ! ሰው ጠግቦ ሲያበቃ ሣር ያቀርቡለታል። ከዚህ ሕዝብ ነው እንግዲህ ሥልጣኔ የተማርነው የሚባለው።

አንድ ነገር ግን… እትዬ ፒና አልዶን ሰርቀው ያዩታል። ሲያያቸው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። «እናትህን መሰልክ፣ ልጄ» ይላሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ «አሎራ… ቫ ቤኔ»፣ እንግዲህ እሺ እንደማለት፣ ብለው ወጥ ቤት ይገባሉ። ምን ደብቀዋል?

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ፍርስራሽ አየን። ሕዝቡ ሰልፍ ይዞ፣ ፀሐይ እየጠበሰው፣ የፈረሰ ግንብ ያያል። ለዚህ ሮም ድረስ? ዘንድሮ የኛን ሰፈር ቢያዩ ምን ሊሉ ነው!

ማኪያቶ ጠጣን። ቆመን። ጣት በምታክል ሲኒ፣ ሁለት ጊዜ ፉት፣ አለቀ። ተቀምጬ ሰው ካላማሁ ማኪያቶው ለምኔ ነው? አልዶ አስተናጋጁን በጣሊያንኛ አዋራው፣ ጨዋ፣ ረጅም፣ ያማረ ጣሊያንኛ። ልጁ ሳቀ። «አያቴ ናቸው እንዲህ የሚያወሩት» አለው አሉ። አልዶ ምስጋና መሰለው።

የሚወደድ ነገር፣ ቁጥር አንድ፦ በየመንገዱ የብረት ቧንቧ አለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሌት ተቀን ይፈስበታል። የሚዘጋው የለም። በፈረቃ ውሃ የምንጠብቅ ሰዎች ፊት… አሥር ደቂቃ ቆሜ አየሁት። ጠጣሁ። ጠላኋቸውም።

ስንመለስ ወጥ ቤት ሹክሹክታ። እትዬ ፒናና ጎረቤታቸው፣ ለተንሳኤ የምትባል፣ አሮጊት ጣሊያኖችን የምታስታምም ኤርትራዊት። «…ነገ፣ ገና ከቤት ሳይወጣ…» ስገባ ጸጥ አሉ። ሐሜት የኔ እንጀራ ነው፣ ሽታውን አልስተውም። እኔን ነው የሚያሙት? የሶፋውን ላስቲክ ስላማሁ?

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

መርዶ ኖሯል።

ገና አሥራ ሁለት ሰዓት። በሩ ተንኳኳ። እትዬ ፒና ጥቁር ለብሰዋል። ለተንሳኤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከኋላቸው ገብረንጉስ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከዘራ ይዘው። እናቴ ናት አልኩ። ልጆቼ ናቸው አልኩ…

«አልዶ ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው፣ «የማይቀር ነው። ሁላችንም መንገደኛ ነን። አባትህ አርፈዋል።»

አልዶ አልጋው ላይ በፒጃማ ተቀምጦ… «መቼ?»

«አራት ዓመት ሆናቸው።»

አራት ዓመት! ሳቄ መጣ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እትዬ ፒናን፣ በየበዓሉ እየደወሉ «ሁሉ ሰላም ነው» ይሉት አልነበር? አልኳቸው።

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ እትዬ ፒና። «ሲመጣ፣ ሰው ሰብስቤ፣ ፊት ለፊት ብዬ ነው የጠበቅኩት። ባይመጣስ? ባይመጣ ይዤው እሞት ነበር።»

አልዶ አላለቀሰም። «ስለኔ ጠይቆ ያውቃል?» አለ ብቻ።

እትዬ ፒና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ… ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ አልፎ አልፎ ያገኙት ነበር አሉ። በርበሬ ሲገዛ። አንድ ቀን ጠይቋቸዋል። «‹ልጁ ረዘመ ወይ?› አለኝ። ‹ረዝሟል› አልኩት። ‹ቫ ቤኔ› አለና ሄደ።»

በቃ። በሃምሳ አምስት ዓመት አንድ ጥያቄ፣ እሱም ቁመት! ባሕር ዛፍ ነው እንዴ የተከለው?

አልዶ ግን ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዋለ። ወገቡንም አላመመውም።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

አልዶ ስልክ ላይ የአየር መንገዱን መልእክት አየሁ። ለዛሬ ማታ ቦታ ተሰጥቶን ነበር። ዛሬ! አልዶ ሳይነግረኝ ለሚቀጥለው ማክሰኞ አዛውሮታል።

«ለቅሶ ሳልደርስ አልሄድም» አለ።

«ማን ጋ ነው የምትደርሰው?»

«የአባቴ ልጅ ጋ። ሮቤርታ ትባላለች። እትዬ ፒና ቤቷን ያውቃሉ። እህቴ ናት።»

«እህትህ መኖርህን ታውቃለች?»

ሸሚዝ ከሻንጣ አወጣ።

«በር ብትዘጋብህስ?»

«ለቅሶ የመጣን ሰው ማንም አይመልስም።»

«ይህንን ሕግ ለጣሊያኖቹ ማን ነገራቸው?»

ሸሚዙን ሊተኩስ ሄደ። ለስድስት ዓመት ሕፃን ደህና ሁን ላላለ ሰውዬ ሸሚዝ ይተኮሳል!

እውነቱን ልጻፍ፣ እዚህ ማንም አያየኝም። ሰውዬው ሞቷል፣ ከእንግዲህ ምንም አያደርገውም። የምፈራው ሴትዮዋን ነው። አልዶ በስድስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ተጥሏል። በስድሳ አንድ ዓመቱ በር ቢዘጋበት… ወደ ቤት ይዤ የምመለሰው ምኑን ነው?

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዛሬ እንሂድ ስለው ነገ። ትናንትም ነገ ነበር። እትዬ ፒና ገላገሉን፦ «ቅዳሜ በዓል ነው፣ ቤቷ ትገኛለች።»

ፒያሳ ቪቶሪዮ ሄድን። አልዶ በርበሬ የሚሸጥበት ጋ ቆመ፣ አልነቃነቅም አለ። ባለሱቁ ባንግላዴሽ ነው። እፍኝ በርበሬ ዘግኖ አስሸተተኝ። አሮጌ ነው፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ሽታው አቧራ።

«ይህንን ነበር የሚበላው» አለ አልዶ አዝኖ።

እሰየው! አልኩ በልቤ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ዝናብ። ፓስታ። ሥጋ። ሣር። ተመስገን «አምስቱስ?» ብሎ ጻፈ። አልመለስኩም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ደጃፏ ደረስን። ሳንደውል። «ለቅሶ ቀጠሮ የለውም» ብለው ነው እትዬ ፒና የሸኙን። አልዶ ከሰው የተዋሰው ጥቁር ኮት፣ እጅጌው ክንዱ ላይ የቀረ። እኔ የለተንሳኤን ጥቁር ነጠላ አዘቅዝቄ። ከተማው ተኝቷል። ሁለት ቁራ መስለናል።

ደወሉን ተጫነ። ከግድግዳው ማነጋገሪያ የተሰላቸ የሴት ድምፅ መጣና አንድ ነገር ብሎ ጠፋ።

«ምን አለች?»

«ስለ ጌታ መስማት አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ… አለች።»

ቤት ለቤት የሚሰብኩ መሰልናት! እንመለስ አልኩ። አልዶ እንደገና ተጫነ። ከዚህ በታች ያለውን እሱ ጆሮዬ ላይ እየተረጎመልኝ እንደሰማሁት ነው የምጽፈው።

«ሲኞራ፣ ልናስተዛዝንዎት መጥተን ነው።»

«በማን?»

«በአባትዎ።»

«አባቴ እኮ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው!»

«እኛ የሰማነው ሰኞ ነው።»

ከዚያ በሩ ጠቅ አለ።

ሮቤርታ። ሃምሳ ያለፋት፣ ቀጭን፣ የቤት ልብስ። ፀጉሯን ቀይ ቀለም ለቅልቃ ፌስታል አጥልቃበታለች። ሳሎኗ ነጭ በነጭ፣ ክሊኒክ ነው የሚመስለው። ተቀመጥን። እንደ ደንባችን፣ ዝም።

ቆመች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ቆመች። ቡና አለች፣ አይ አልን።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ምንም። ልንቀመጥ ነው» አለ አልዶ።

«እስከ መቼ?»

ይህች ሴት! ለቅሶ መጥቶ የተቀመጠ ሰው እስከ መቼ ይባላል?

«ትንሽ» አላት።

«አባቴን ከየት ታውቁታላችሁ?»

በክርኔ ጎሰምኩት። አሁን ተናገር! መሬት መሬት አየ። «አዲስ አበባ… ጎረቤት ነበርን።»

ጎረቤት! ለዚህ ነው ሳምንት ሙሉ ላስቲክ ላይ የተቀመጥኩት? ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሣር? የገዛ አባቱ ለቅሶ ላይ ጎረቤት ሆነ። ያኔ ነጠላዬ ውስጥ አለቀስኩ። በንዴት ነው። ሮቤርታ አየችኝ። ምን እንደመሰላት እንጃ፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፣ ከዚያ በኋላ አልተነሳችም። ቀለሙ በጆሮዋ ሥር እየወረደ፣ መታጠቢያ ሰዓቱ እያለፈ፣ አልተነሳችም።

አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ። ስንወጣ የት እንዳረፍን ጠየቀችው፣ ጻፈላት። እሱ ቀድሞ ደረጃውን ጀመረ። እኔን እጅጌዬን ያዘችኝ። ወደ ጀርባው ጠቁማ፣ ስንት ዓመቱ ነው? ቁጥር የገበያ ጣሊያንኛ ነው፣ እሱን አውቃለሁ። «ሴሳንቱኖ» አልኳት። ስድሳ አንድ። እሱ ዋሸ፣ እኔ ግን አፌ መች ያርፋል?

አሰላች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሲወርድ ቁልቁል ተከተለችው በዓይኗ። «አልቶ…» አለች በቀስታ። ረጅም ነው።

ይህችም ቁመት! በዘር የሚወርድ በሽታ መሆን አለበት።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ስድስት ሰዓት ላይ ተንኳኳ። እትዬ ፒና ፓስታ እያማሰሉ፣ እኔ በሩን ከፈትኩ።

ሮቤርታ። ጥቁር ካፖርት። ፀጉሯ እሳት! ቀለሙ ከልኩ በላይ ቆይቶ ብርቱካን ወጥቶታል። በእኛ ጦስ ነው። እጇ ላይ እቅፍ ሙሉ ነጭ አበባ። ዛሬ ለነሱ የሙታን ቀን ነው፣ ከመቃብር መምጣቷ ነበር።

እትዬ ፒና አበባውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «የመቃብር አበባ እኮ ነው! ቤት አይገባም፣ ሟርት ነው» አሉኝ በአማርኛ፣ ፈገግ እንዳሉ፣ ጣሊያንኛ የሚያወሩ መስለው። ግን ተቀበሏት። ልብስ ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ከተቱት።

አልዶ ከመኝታ ቤት ወጣ። ቆመ።

ሄደች፣ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። «ኮንዶልያንዘ» አለች። እግዜር ያጽናህ ማለቷ መሆኑ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ቀጥላ የተናገረችውን እትዬ ፒና ጆሮዬ ላይ አሉኝ፦

«‹ለአባትህ› አለችው።»

ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ላስቲኩ ጮኸ። ካፖርቷን አላወለቀችም፣ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ፣ አፏን ዘግታ ተቀመጠች። ትናንት እንዳየችን። አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ሰዓት ተኩል። ፓስታው ሞተ። መቼ እንደሚነሳ የነገራት የለም፣ ማን ይነግራታል? ሁለት ሰዓት ሞላት። አልዶ አጠገቧ፣ ቀጥ ብሎ… ከዚያ ትከሻው ወረደ። አለቀሰ። መርዶውን ሲሰማ ያላለቀሰው ሰው፣ እንደ ስድስት ዓመት ልጅ፣ በድምፅ። ሮቤርታ ደነገጠች። ዞር ብላ እኔን አየችኝ፣ ምን ላድርግ? ምንም፣ አልኳት በእጄ። ተቀመጪ ብቻ።

ተቀመጠች።

እትዬ ፒና «አሎራ፣ እንግዲህ እህል ይቅመስ» አሉ። በላን። መጨረሻ ላይ ሰላጣው መጣ። ለሮቤርታ አቀበልኳት፣ ለራሴም አወጣሁ። ምንም አልተናገርኩም።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

አዲስ አበባ። ውሃ የለም፣ የሰፈራችን ተራ ነገ ነው።

ለተመስገን አምስቱን ላክሁለት። አንዱ የመንገዱ ቧንቧ፣ አራቱ ውሸት። «ደርቆብኛል፣ የሚያስቅ ነገር አላጋጠመሽም?» አለኝ። ፌስታል ያጠለቀችው፣ «እስከ መቼ?» ያለችው፣ ባልዲው… ለአንድ ዓመት የሚበቃ ነበረኝ። የለም አልኩት። ገረመው። እኔም ገረመኝ።

አልዶ «እኛ ሮም…» ማለቱን ትቷል። ካየው ወዲህ አንዴም አልሰማሁትም።

ዛሬ ጎረቤቶቹ ለቅሶ መጡ። ወይዘሮ ጽጌ፣ የማያምር ነገር ለመጠየቅ የተፈጠሩ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጠጋ አሉኝ።

«ለመሆኑ አባት ነበረው እንዴ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን እንደምል አውቃለሁ። ስለ ሰውዬው ሁለት ሰዓት ሙሉ ባማሁላቸው ነበር።

«ነበረው» አልኳቸው። «እህትም አለችው። ፀጉሯ ብርቱካን፣ አበባ መምረጥ የማታውቅ፣ ለቅሶ ቤት ከተቀመጠች መቼ እንደሚነሳ የማታውቅ።»