ከኢንተርቪው በኋላ ይነገረው

ይድረስ ለእታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ትንሿ ልጅሽ መራመድ ጀመረች ወይስ አሁንም ሶፋውን ይዛ ነው የምትዞረው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። እማዬን ጉልበቷ አሁንም ያማታል፤ ሥራ ግን አልቀረችም። እዚህ ከተማችን ክሪስታል ቅጠሉ ረግፎ አልቋል። ጠዋት ጠዋት የመኪናዋን መስተዋት በረዶ የምፍቅላት እኔ ነኝ።

ከሚያዝያ ጀምሮ ስልክሽን አላነሳሁም። ተበላሽቶ ነው ብዬ ለእማዬ የነገርኳት ውሸት ነው። በቴክስት እንዳልመልስልሽ ደግሞ፣ በቴክስት የምጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ «ፋይን ነኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ወንድማችን ናሆም ባስተማረኝ ፊደል እየጻፍኩልሽ ነው። ስሕተት ካየሽ እለፊው።

መጀመሪያ ደህናውን ልንገርሽ። አካዳሚው ጀምሯል። እዚያው ሃይ ስኩላችን ውስጥ ነው፤ ግማሹን ቀን እንደ ሌላው ተማሪ ሒሳብና ታሪክ እንማራለን፣ ግማሹን ደግሞ አምቡላንስ ላይ ለመሥራት የሚያበቃውን ትምህርት። ጥቁር ሰማያዊ ቲሸርት ሰጥተውናል፣ ደረቱ ላይ ስሜ አለበት። የደም ግፊት መለካት፣ ልቡ የቆመን ሰው ደረት መጫን፣ አንገቱ የተጎዳን ሰው ሳያናውጡ ማንሳት ለምጃለሁ። አስተማሪያችን ዕድሜዋን አምቡላንስ ላይ የጨረሰች ሴት ናት። ቀልድ አትወድም።

አመልክት ያለኝ ናሆም ነው። ዳላስ እናንተ ጋ ሆስፒታል ተኝቶም ለመግቢያው ኢንተርቪው በቪዲዮ ያለማምደኝ ነበር። «እኔ ጠያቂው ነኝ፣ አንተ ፈሪው ነህ፣ በል በሩን አንኳኳና ግባ» እያለ ያስቀኝ ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ።

ናሆም የሞተው ረቡዕ ነው። የቀበራችሁት ቅዳሜ ነው። የእኔ ኢንተርቪው ሰኞ ነበር። እኔ ያኔ የማውቀው ሰኞን ብቻ ነው።

ረቡዕ ማታ እማዬ ናሆምን ላስታምም ብላ ወደ እናንተ ስትበር፣ ጎረቤታችን ጋሽ ቢራቱ በሚነዳው ሻትል ኤርፖርት አደረሳትና እኔን ቤቱ ወሰደኝ። ታውቂዋለሽ፣ ሳይቀልድ የማይውል ሰው ነው። እነዚያን ቀናት ግን አንድም አልቀለደም። ሥራ በዝቶበት መሰለኝ።

እሑድ ቸርች ሄድን። ፓስተር ይልማ በየሳምንቱ የታመሙትን በስም እየጠሩ ያስጸልያሉ። ናሆም ከታመመ ወዲህ መጀመሪያ የሚጠሩት እሱን ነበር። ያን ቀን የሌሎቹን ሁሉ ጠርተው አሜን አሉ። የረሱት መስሎኝ ጉባኤው ሲበተን ሄጄ፣ ፓስተር፣ የናሆምን ስም ዘለሉት አልኳቸው። ትከሻዬን ይዘው፣ «በልባችን አለ፣ ልጄ» አሉኝ።

በእኛ ቸርች ለሞተ ሰው እንደማይጸለይ አውቃለሁ። ግን ማን እንደዚያ ያስባል? ኳስ አብሮኝ የሚጫወተው አክሊል አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያያል። እሱ ያውቅ ነበር። መዘምራኑ ያውቁ ነበር። ሳህን ሲያቀብሉኝ ጉንጬን የሚስሙኝ እናቶች ያውቁ ነበር። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ናሆም እንዲድን የጸለይኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማታ የናሆም ስልክ ላይ ደወልኩ፤ አንቺ አነሳሽው። ተኝቷል አልሽኝ። ከኋላሽ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሊጠይቁት የመጡ ናቸው አልሽ። ሲነቃ ክራባቱን ሳላስፈቅድ ከቁም ሳጥኑ እንደወሰድኩ ንገሪው፣ እንዳይከሰኝ አልኩሽ። ሳቅሽ። ልትዘጊ ስትይ ደግሞ፣ እጅህን ጭንህ ሥር እንዳትከት፣ ፈሪ ያስመስልሃል ብሎሃል አልሽኝ። እታለም፣ መዋሸትሽን ትንሽ ትንሽ እየረሳሁት ነው። ሳቅሽን ግን አልቻልኩም።

ሰኞ ገባሁ። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። ለምን ይህን ትምህርት መረጥክ ሲሉኝ፣ ወንድሜ ታሟል፣ ሲሻለው ወደ እኛ ይመጣል፣ ያኔ ቤት ውስጥ አንድ የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ነው አልኳቸው። አንዷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። በደንብ እንደተናገርኩ ያወቅኩት በዚያ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ እማዬ ተመለሰች። ዓይኗ አብጧል፤ የአውሮፕላኑ አየር ነው አለች። ናሆም እንዴት ነው ስላት፣ በእግዚአብሔር እጅ ነው አለች። ኢንተርቪው እንዴት ነበር ብላ አልጠየቀችኝም፤ ብላ፣ ድገም፣ ይህችን ጨርሳት ብቻ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አጠገቤ ቆማ ጠበቀች። መርዶ በባዶ ሆድ እንዳይሆንብኝ ነበር።

ሊነጋ ሲል ድምፅ ሰምቼ ተነሳሁ። ሳሎን ውስጥ ፓስተር ይልማ፣ ጋሽ ቢራቱና የቸርች ሽማግሌዎች ቆመዋል። ማንም ኮቱን አላወለቀም። እኔ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ የመጡ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። በየተራ ጨበጥኳቸው፣ «ገና እኮ ውጤቱ አልመጣም» እያልኩ። ጋሽ ቢራቱ እጄን አልለቅ አለ። ፓስተር ስለ ሰማይ ቤት መናገር ጀመሩ፣ እማዬ ጮኸች። ሞተ የሚለውን ቃል ግን ማንም ከአፉ አላወጣም።

ማን እንደወሰነ እማዬን ብዙ ጊዜ ጠየቅኳት። በሰኔ ነው የነገረችኝ። እሷ ለእኔም ትኬት ልታስቆርጥ ነበር። «ከኢንተርቪው በኋላ ይነገረው» ያልሽው አንቺ ነሽ። የወንድሜን ቀብር በአካዳሚ ለወጥሽብኝ። ሌላው ቢዋሸኝ እችለው ነበር፤ ቸርቹም፣ አክሊልም፣ እማዬም። አንቺ ግን አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ስለ እሱ የምትነግሪኝን ሁሉ ነበር የማምነው።

የዚህ ሳምንት ትምህርታችን ለቤተሰብ ሞት እንዴት እንደሚነገር ነበር። አስተማሪያችን፣ አረፈ አትበሉ፣ ሄደ አትበሉ፣ ሞተ በሉ፤ ከነገራችሁ በኋላ ጥላችኋቸው አትሂዱ አለችን። ሁለት ሁለት ሆነን ተለማመድን። ለእኔ የደረሰችኝ ጊፍቲ የምትባል ልጅ ናት፤ እቤቷ ኦሮምኛ ነው የሚነገረው፣ የእኛን የመርዶ ወግ ታውቃለች። «እናቴ ብትሆን መጀመሪያ ቁርስ ታበላህ ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ። ሳቅኩ። ከዚያ፣ ወንድም አለህ ብላ ጠየቀችኝ። አለኝ አልኳት። ዓይን ዓይኔን እያየች «ወንድምህ ሞቷል» አለችኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከእሷ ነው። ምንም የማታውቅ ልጅ።

ወጥቼ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪያችን ተከትላኝ መጣች። አካዳሚውን ልተወው ነው፣ የገባሁበት ንግግር ውሸት ነበር፣ ያን ቀን ወንድሜ ከተቀበረ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር አልኳት። ሳታውቅ የተናገርከው ውሸት አይባልም አለችኝ። ወደ ሌላ ክፍል መቀየር የሚቻለው እስከ ዓርብ ብቻ ነው፣ እስከዚያ አስብበት ብላኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

ያኔ እጆቼን አየኋቸው። ጭኖቼ ሥር ናቸው። አንቺ ከቤት ስትወጪ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ይህን አመሌን ልታውቂ አትችይም። ለእማዬም አይታያትም። በቪዲዮ ሲያለማምደኝ ያየው ናሆም ብቻ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ያን ምክር እኔን ለማታለል ከራስሽ የፈጠርሽው ይመስለኝ ነበር።

መቼ ነው የነገረሽ? እሑድ ማታ ስደውል እንደማያነሳ እያወቀ ነው? ሌላስ ምን አደራ አለሽ? «ከኢንተርቪው በኋላ ይነገረው» የሚለውስ የማን ቃል ነው? ይኸው ግማሽ ዓመት በአንቺ አኩርፌያለሁ፤ አንቺም አንድ ቀን እንኳ እኔ አይደለሁም አላልሽም። አሁን በማን እንደማኮርፍ ግራ ገብቶኛል።

ዓርብ ትናንት ነበር። ቲሸርቱን ለብሼ ገባሁ።

ደብዳቤው ሲደርስሽ ደውይልኝ፣ አነሳለሁ። እንዴት ነህ፣ በላህ ወይ ከማለትሽ በፊት፣ ናሆም ሞቷል በይኝ። በአንቺ አፍ ልስማው። እንዴት እንደሞተ፣ ማን እጁን ይዞት እንደነበር ንገሪኝ። ከነገርሽኝ በኋላ ደግሞ ስልኩን ቶሎ አትዝጊው።

ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ቤትሽን ሰላም ያድርገው፣ አንቺንም ለእማዬና ለእኔ ያቆይልን።

ያለሽ አንድ ወንድምሽ