ሳልሄድ ለተሸኘሁበት ድግስ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሽመክት
የጓሳ ቅርጫት ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ማኅበር ሰብሳቢ
መሐል ሜዳ

ከሁሉ አስቀድሜ ክረምቱን እንዴት እንዳለፉት፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ የትምወርቅ እንዴት እንደ ሰነበቱ፣ ከብቱና በጉም እንዴት እንዳለ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ሳይሆን ከቤትዎ ጥቂት አጥር አልፎ ካለው ከእናቴ ቤት ስለሆነ፣ መልእክተኛ ሳላደክም ራሴ የክለቡ ሜዳ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ጽዮን ቅጣው እባላለሁ፤ በክለባችን ሰባት ቁጥር ለባሽ ነበርኩ። ውሌ ሰኔ ላይ አለቀ። ውሉ ያለቀ ተጫዋች ነፃ ነው ይባላል፤ ወይ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል፣ ወይ ከነበረበት ጋር ያድሳል። እኔ የፈለግሁት ማደስ ነበር። ይህን አሁን የምናገረው የሚለወጥ ነገር ስላለ አይደለም፤ ምዝገባው ተዘግቷል፣ ማሊያዬንም ሌላ ሰው ለብሶታል። ማኅበርዎ ስለ እኔ ለደከመው ድካም ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር ነውር ይሆንብኛል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጽዋው። ሰኔ ሃያ አንድ ቀን በማርያም ማኅበር ጽዋውን ተቀብሎ ቀጣዩን ድግስ የማውጣት ተራ የእናቴ የወይዘሮ ጌታነሽ ነበር። የበልጉን ገብስ በረዶ መትቶባት ለጠላ የሚሆን እህል አልነበራትምና፣ ይህን ማኅበርተኛ ፊት ከመናገር ብላ “ዘንድሮስ ይለፈኝ” አለች። ባለቤትዎ ነገሩን ለእርስዎ አደረሱ፤ እርስዎም በጥልቅ ማስተዋልዎ “ተራዋን ያሳለፈችው፣ ልጅዋ ይዛት ልትሄድ ቢሆን ነው” ብለው ፈቱት። ያ በረዶ የእርስዎንም ማሳ ሳይምር ያለፈ በመሆኑ ሌላ ፍቺ በእጅዎ ነበር፤ እርስዎ ግን በቀላሉ የሚገኘውን ምክንያት ንቀው ሩቁን መርጠዋል። የእናቴን ማጣት አደባባይ በማውጣቴ እሷ ትቀየመኛለች። እርስዎን ግን አትቀየምዎትም፤ ጨዋ ናት።

ሁለተኛ፣ ስለ ጫማዬ። የደጋፊዎች ማኅበርዎ ወሬ አቀባይ፣ ፀጉር አስተካካዩ ምንተስኖት፣ ገበያ ውስጥ ነጠላ ጫማ ስገዛ አይቶኝ በዚህ ብርድ ነጠላ ጫማ የሚገዛ ሰው ቆላ የሚወርድ ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። በዚያው ምሽት በደጋፊዎች የቴሌግራም ገጽ ላይ፣ “ከታማኝ ምንጭ እንደ ደረሰን ጽዮን ለድሬዳዋ ክለብ ፈርማለች” ተብሎ ተጻፈ። ታማኙ ምንጭ ጫማው ነበር። የገዛሁት ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ሌላ ጫማ አላስገባ ስላለኝ ነው። ከደጋፊው እኩሌታው ሐዋሳ ነው ብሎ ሲከራከር፣ በኔ ጉዳይ የተኳረፉ ወንድማማቾች እንዳሉም ሰምቻለሁ። ከሁሉም ዘግይቼ የሰማሁት እኔ ነኝ።

ቤትዎ ድረስ መጥቼ የትም እንዳልፈረምኩ፣ የጠራኝም እንደሌለ ነግሬዎት ነበር። እርስዎ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “ይገባኛል ልጄ፣ ሳይጠና አይወራም” አሉኝ። ስክድ ምስጢር ጠባቂ ሆንኩ፣ ዝም ስል ደግሞ አመንኩ ተባለ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለውን ተረት እንደርስዎ ባለ የተከበረ ሰው ላይ ማንሣት ስለማይገባ አላነሣውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሽኝቱ። ሐምሌ ላይ፣ እሑድ፣ ስብሰባ አለ ተብዬ መጣሁ። በግ ታርዷል፣ ዳስ ተጥሏል፣ የክለቡ ፕሬዚዳንትና አሰልጣኛችንም ከፊት ተቀምጠዋል። የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ መኳንንት በዚያ ዕድሜያቸው ተነሥተው፣ “እግዜር ከፊትሽ ይቅደም፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ ሄደሽ የምትመለሽ ያርግሽ” ብለው ሲመርቁ ሕዝቡ አሜን አለ። ሽማግሌ እየመረቀ “የምሄድበት የለኝም” የሚል አፍ አልነበረኝም። እርስዎ የመንዝ ባና አለበሱኝ፣ ተናገሪ ተባልኩ፣ “አመሰግናለሁ” ብዬ ተቀመጥኩ። ማታ እናቴ “የሽማግሌ ምርቃት ተቀብሎ እቤቱ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም” አለችኝ። እኔም አይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ አሰልጣኛችን ሰባት ቁጥርን ከሞላሌ ለመጣችው ለመሲ ሰጠ። አልፈርድበትም፤ የተሸኘ ሰው ወንበር ይያዛል። በዚያው ሳምንት ከደብረ ብርሃን አንድ አሰልጣኝ ደወለልኝ፤ ደስታዬ ግን አጭር ነበር። “ልወስድሽ አስቤ ነበር፣ የሽኝትሽን ፎቶ ሳይ ሌላ አስፈረምኩ፣ ይቅናሽ” ብሎ ዘጋ። ክረምቱን ሙሉ የተደወለልኝ እሱ ብቻ ነው።

አራተኛም ነበረኝ፤ ልተወው።

መጀመሪያ የምናደድ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም መናደዱን ጠብቄው ነበር፣ አልመጣም። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ “እስካሁን አልሄድሽም እንዴ?” ይለኛል፣ እኔም “ሰሞኑን” እላለሁ፤ አንዳንዱም ምርቃቱን ያቃለልኩበት ይመስል ፊቱን ያጠቁርብኛል። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ሲጀመር ኳስ ሲሚንቶው ላይ ስትነጥር ቤታችን ድረስ ይሰማል። የመሲን ኳስ አነጣጠር ከሌሎቹ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ጎበዝ ናት፣ ግራ እጇ ብቻ ይቀራታል። ከዚህ በላይ የሚሰማኝ ነገር የለም። እናቴ ምን ሆንሽ ስትለኝ ደክሞኛል እላታለሁ፣ ምንም ሳልሠራ።

ስለዚህ ለራሴ የምጠይቀው የለም። የመሲ ውል ሲያልቅ ግን፣ በጉ ከመገዛቱና ዳሱ ከመጣሉ በፊት፣ ማኅበርዎ አንድ ሰው ልኮ “ትቀሪልናለሽ ወይ?” ብሎ እንዲያስጠይቃት በትሕትና አመለክታለሁ። እኔን በዚህ ሁሉ መካከል እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ብጠየቅ አዎ እል ነበር።

ዕድሜና ጤና ከመላው ቤተሰብዎ ጋር፣ ማኅበርዎንም የሚሸኘው ሰው አያሳጣው እያልኩ፣

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር
ጽዮን ቅጣው
የቀድሞዋ ሰባት ቁጥር
አድራሻ፦ እዚሁ

ማስታወሻ፦ ወደ ድሬዳዋ ሙቀት ትወርዳለች ያሉትን ሰው በወፍራም የበግ ጠጉር ባና መሸኘትዎ ያን ዕለት ገርሞኝ ነበር። አሁን ጥቅምት ገብቷል፣ ውርጩም ጀምሯል። ባናው በጣም ይሞቃል፤ ከእናቴ ጋር ለብሰነው እናድራለን። ከማኅበርዎ ሥራ ሁሉ ቦታውን ያልሳተው እሱ ብቻ ነውና ለእሱ የማቀርበው ምስጋና ከልቤ ነው።