ጋሽ አበጋዝ በቀጥታ ስርጭት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ባለፈው ሳምንት የመርሳውን ዘፋኝ የጋሽ አበጋዝን የድሮ አምባሰል በኢንተርኔት ሬዲዮዬ ሳሰማ፣ የምጠቀምበት መተግበሪያ ዘፈኑን በራሱ ለይቶ «መብቱ የካሴት አሳታሚው ነው» ብሎ ስርጭቴን ዘጋብኝ። ዛሬ ከወልድያ መርሳ ወርጄ ለራሳቸው ነገርኳቸው።

«ካሴቱ የእነሱ ይሁን። ዜማው ያገር ነው፤ ጉሮሮው ግን የእኔ ነው!» አሉና ማሲንቋቸውን ከግድግዳው አወረዱ።

ስልኬን ፊታቸው አቁሜ በቀጥታ አስተላለፍኩ። ድምፃቸው ሻክሯል፤ አንጀት ግን ይበላል። አሁን ተቋረጠ፣ አሁን ተቋረጠ እያልኩ ስልኩ ላይ አፈጠጥኩ። አልተቋረጠም! ዘፈኑ እንዳለቀ አንዲት ሴት ከውርጌሳ በሌላው ስልኬ ደወለች።

«እኒህ ሰው በሕይወት አሉ እንዴ?»

ጋሽ አበጋዝ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ።

«አለሁ እንጂ! ምን ልዝፈንልሽ?»