ኮርቢን ዛሬም ገብቷል

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ትምህርት ቤቱ ይህን ደብተር በፖስታ ላከልኝ። ልጁ በኢንተርኔት የሚማር ወላጅ፣ ልጁ በቀን ስንት ሰዓት እንደተማረ መመዝገብ አለበት አሉ። መዘገብኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ተምሯል። የተረፈውን ገጽ ምን ላድርገው? እኔው ልሙላው እንግዲህ።

የሃንሰን ቤተሰቦችን የውሃ ፓምፕ ጠግኜ ስመለስ ልጄ ኮርቢን ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ከክፍሉ ልጆች ጋር በጽሑፍ ይከራከራል። አጠገቡ ያለው ብርጭቆ ባዶ ነው። ሁለተኛዬ ነው አለኝ።

በድሮው ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ ነበር የሚውለው። ሽንት ቤት ውሰዱኝ ብሎ መጠየቅ ስለሚያፍር። ይህን የነገረኝ ዘንድሮ ነው፣ ቤት ሆኖ መማር ከጀመረ በኋላ። ከንፈሩ ለምን እንደሚደርቅ ጠይቄው እንኳ አላውቅም... አባት ተብዬ።

ኖቬምበር 6

ሐኪም ቤት ሄድን። በሽታው ከእግሩ ጀምሮ ጡንቻውን እየበላ መጥቶ አሁን ደረቱ ላይ ደርሷል። ሳንባው ደክሟል። ኮርቢን ሳይሰማ "ሜይ ላይ ይመረቃል፤ እስከዚያ ይደርስልኛል?" አልኩት ዶክተሩን። ጫማውን ጫማውን አየ።

መኪና ውስጥ፦

"አባዬ፣ ፊትህ ያንተኑ ፓምፕ መስሏል። የተበላሸውን።"

"ዝም በል አንተ።"

"ዲፕሎማዬን ሳልይዝ የትም አልሄድም። እዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ይመረቅ እንጂ።"

እኔን መውጋቱ ነው። ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛን ሳልጨርስ ነው። ሳቅን ሁለታችንም። 

ዲሴምበር 3

በረዶው መንገዱን ዘጋው። የከተማው ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የኛው ክፍት ነው። ሦስት ቀን ታሞ ተኝቶ ያመለጠው ትምህርት ተቀርጾ ጠበቀው። ማንም ለምን ቀረህ አላለውም። በታሪክ 95 አገኘ።

ማረን የምትባል ልጅ አለች፣ የክፍሉ ተማሪ። የጻፈችለትን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ኮርቢን፣ በምላስህ ላይ ግብር ቢጣል አገር ይበለጽግ ነበር።» ጆሮው ቀላ።

"ካሜራህን ለምን አትከፍትላትም?"

"እሷስ መቼ ከፈተች? እዚያ ማንም አይከፍትም።"

ቆየት ብሎ፦ "እዚያ ወንበሩ የለም አባዬ። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት። እንዳትነግራቸው።"

"አልነግርም።"

"ማልልኝ።"

ማልኩለት።

ጃንዋሪ 9

ደረቱን ብርድ መታው። ሆስፒታል ነን። አልጋው ላይ ሆኖ ሁለት ሰዓት ተማረ። ነርሷ ዝጋው ብትለው፣ "አንቺ ፈተናዬን ትፈተኚልኛለሽ?" አላት።

ጃንዋሪ 12

ጠዋት አረፈ።

ጃንዋሪ 20

ቀበርነው። እናቱ ከዴንቨር መጥታ ሄደች። ጥላን ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው። ምን እንባባላለን?

ቤት ስገባ ኮምፒውተሩ ላይ መልእክት አለ። «ኮርቢን፣ ናፍቀኸናል። ስድስት የትምህርት ቀን አልገባህም።» የሚጽፈው ማሽን ነው። እዚያ ትምህርት ቤት መሞቱን ያወቀ ሰው የለም። እኔም አልተናገርኩ። ማን ያይ ነበር? ልጁ የሚቀመጥበት ዴስክ የለ፣ ባዶ ሆኖ የሚታይ...

ስሙን ተጫንኩት። ገባሁ። ዝርዝሩ ላይ «ኮርቢን ገብቷል» አለ። ማረን ወዲያው «በመጨረሻ!» ብላ ጻፈች።

«ታምሜ ነበር» ብዬ መለስኩላት።  አምስት ሰዓት ተማረ ብዬ መዘገብኩ።

ጃንዋሪ 28

ለመመረቅ የቀረው ሁለት ትምህርት ነው። ታሪክና እንግሊዝኛ። ማንን ጎዳሁ? ዲፕሎማው ላይ ስሙ ይጻፍ እንጂ።

ማረን፦ «ምን ነካህ? ሽማግሌ ሆንክ እኮ።» ቀልድ ሞከርኩ። ማንም አልሳቀም።

ፌብሩዋሪ 4

ሚስ ፔትሪ ደወለች፣ የታሪክ አስተማሪዋ። በስሙ የላክሁትን ጽሑፍ ኮርቢን ራሱ መጻፉን ለማረጋገጥ በስልክ አሥር ደቂቃ ልታነጋግረው ፈለገች። ደንብ ነው አለች። "ድምፁ ተዘግቷል" አልኳት። ለሳምንት አዘገየችው። ውሸት ነው እንዳልል...

ፌብሩዋሪ 11

ማርክ መጣ። ስለ ድርቁ ዘመን የጻፍኩት 58። እንግሊዝኛው 61። አራት ቀን ሥራዬን ትቼ የለፋሁበት ነው። ከሥሩ «ኮርቢን፣ ይህ ያንተ ሥራ አይመስልም» ይላል። የታሪክ አማካዩ ከ95 ወደ 83 ወርዷል።

የሞተ ልጄን ማርክ አወረድኩበት። እኔ ደደቡ። ይህን ያህል የከፋ ነገር አድርጌበት አላውቅም፣ በሕይወት ሳለ እንኳ። አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ለሚስ ፔትሪ ደወልኩ።

"የኔን ሁለት ወረቀት ሰርዙልኝ።"

"የእርስዎን?"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት። ኮርቢን ጃንዋሪ 12 ሞቷል።"

 ከዚያ፦ "በየቀኑ 'አለ' እያልኩ ምልክት አደርግ ነበር... እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።"

ስለ ዲፕሎማው ጠየቅኳት። አለቆቼን እጠይቃለሁ፣ ቃል ግን አልገባልዎትም አለች። ወረቀቶቹን ዛሬውኑ ሰረዘች። 95ቱ ተመለሰ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 13

ለክፍሉ ራሴ ልንገር ብዬ ለመንኳት፣ ፈቀደች። ካሜራውን ከፈትኩ። ሃያ ሦስት ጥቁር ሳጥን፣ ስም ብቻ የተጻፈባቸው። የኮርቢን አባት ነኝ አልኩ። መሞቱን ነገርኳቸው። በስሙ ስገባ የከረምኩት እኔ እንደሆንኩም ነገርኳቸው። ስለ ወንበሩ ምንም አላልኩም።

 ከዚያ አንዱ ሳጥን በራ። ሕፃን የታቀፈች ልጅ። ቀጥሎ ሽርጥ የታጠቀ ልጅ፣ ከኋላው ያልታጠበ ሳህን ተቆልሏል። አንዱ እንደ ኮርቢን አልጋ ላይ ነው፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ። ሰባት ያህል ከፈቱ። ሌሎቹ አልከፈቱም፣ አልፈርድባቸውም።

በመጨረሻ የማረን በራ። ግማሽ ፊቷን እሳት በልቶታል። የድሮ ጠባሳ ነው። ዓይኔን እንዳልነቅል ታገልኩ።

"ስለ እኔ ያወራ ነበር?"

"ቀኑን ሙሉ።"

"በገና ሰሞን ካሜራ እንክፈት ብዬው ነበር። ስንት ቀን ራሴን አደፋፍሬ... እምቢ አለኝ። ስለ ፊቴ ሰው ነግሮት ነው ብዬ ነበር።"

ምን ላድርግ? ለልጄ ምያለሁ። እሷ ደግሞ ይህን ይዛ ልትኖር ነው። ዕድሜ ልኳን።

መሐላዬን አፈረስኩት። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር አልኳት። አንቺ እንዳታዪው ነው የፈራው፣ አንቺን ማየት አይደለም።

ስክሪኑን አተኩራ አየችው፣ ከኋላዬ እሱን የምትፈልግ ይመስል።

"ለወንበር ብሎ ነው?" አለችኝ።

አዎ አልኳት።