ማን እንደሞተ ያልታወቀበት ድንኳን

ቤሌ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለቤኒ፣

የጎረቤታችን የሳህሊቱ ደም ግፊት ክረምቱን ሙሉ ሲያንገላታት ከርሞ አሁን በመድኃኒት ረገብ ብሎላታል። ጨው ተይ ተብላለች፤ ጨው የሌለው ወጥ ስትበላ ፊቷን ብታየው ትስቃለህ። ልጇ ሃይማኖት ሴት ልጅ በሰላም ወልዳለች። ያን ሰሞን ቧንቧው ጠፍቶ ስለነበር የአራሷን ውሃ ከወንዝ በጀሪካን ያመላለስነው እኛ ነን። እኔ ደህና ነኝ። አንተስ? የምትተኛበት ቤት ያፈሳል?

በወላይትኛ ልጽፍልህ አምሮኝ ነበር። ግን እኛ የተማርነው በአማርኛ ነው፤ የአሁኑን አጻጻፍ አልችልበትም።

ሳህሊቱን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ጉዱን የጀመረችው እሷ ናት።

ጊፋታ ሊገባ፣ ዘመን ሊለወጥ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ፣ በዚያ በትልቁ የገበያ ቀን ሱቄን ዘግቼ በጠዋቱ መኪና ወደ ሶዶ ሄድኩ። መነጽር ላስለካ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ለምን ልናገር? እዚህ ከተማ አንድ ሰው ጥርሱን ሲያመው የትኛው ጥርስ እንደሆነ እንኳ ገበያው ያውቃል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ወዴት ነሽ ሳልባል ልዋል ብዬ ነው። ነጩን ነጠላዬን ውሃ ጠፍቶ አላጠብኩትም ነበር፤ ስለዚህ ለአባትህ ሐዘን የለበስኩትን ጥቁሩን ጣል አደረግሁ። ስልኬንም መብራት ስላልነበረ ቻርጅ አላደረግሁትም።

ሳህሊቱ በአጥሯ ቀዳዳ አየችኝ። ጥቁር ነጠላ፣ የተዘጋ ሱቅ፣ ያውም በገበያ ቀን፣ ስትደውል የማይነሳ ስልክ። "ጎረቤቴ ትዕዛዝ መርዶ ደርሷት ሄዳለች" ብላ ለእድራችን ዳኛ ለአቶ ዱባለ ነገረች። የአገራችንን ነገር ታውቃለህ፤ ሐዘን ገባ ከተባለ ድንኳን ይተከላል እንጂ ማን ሞተ ተብሎ ቤት ለቤት አይጠየቅም፣ ነውር ነው። አንዱ ሌላው ያውቃል ብሎ ዝም፤ ሌላውም እንደዚያው። ድንኳኑ ተተከለ። ንፍሮው ተጣደ።

አመሻሽ ላይ ስመለስ ከባጃጅ ወርጄ ወደ በራችን ስታጠፍ ድንኳን አየሁ። በእኛ ግቢ። ቤኒ፣ እኔ ካንተ ሌላ ማን አለኝ?

ሰው ሁሉ ተነሣ። ሴቶቹ አፍ አፌን ያያሉ፤ ለቅሶውን እስክጀምር ነው የሚጠብቁት። እኔ ደግሞ መርዶውን እስኪነግሩኝ እጠብቃለሁ። እንዲሁ ተፋጥጠን ቆምን።

"በሉ ንገሩኝ" አልኩ።

"ምኑን?" አሉ አቶ ዱባለ።

"ልጄ የት እንደሞተ።"

"ቤኒ ነው እንዴ?" ብላ ሳህሊቱ እሪ አለች። ሴቶቹም ተከተሏት።

"ያወራሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? ምን ሰምተሽ ነው?"

"እኔ ምን ሰማሁ! ጥቁር የለበስሽው አንቺ!"

"ነጩ አልታጠበማ!"

አቶ ዱባለ አጨብጭበው ዝም አሰኙና "የሟቹን ስም የሚያውቅ እጁን ያውጣ" አሉ፣ ልክ እንደ ስብሰባ። እጅ ያወጣ የለም። ከኋላ አንዱ "እንግዲህ ንፍሮው በስሏል" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩ። "ልጄ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኋላ ስንት አመጣህ፣ ስንት አመጣህ እያላችሁ ከወፍጮ ቤት እስከ ቸርች በር ስትጠይቁት ነውር አልነበረም። ማን ሞተ ማለት ነው ነውር የሆነባችሁ?" አልኳቸው። አቶ ዱባለ ድንኳኑ እንዲነቀል አዘዙ።

ስትሄድ "ይሄ ከተማ ጠበበኝ" ብለኸኝ ነበር። እኔንም ይጠብበኛል፣ አልዋሽህም። ውሃው ይጠፋል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ለመነጽር እንኳ ሶዶ ድረስ ነው። የማይጠፋው ወሬ ብቻ ነው። ግን ደግሞ ያን ቀን ለጊፋታ የሚቀራመቱትን በሬ ትተው እኔ ግቢ የተቀመጡት እነሱው ናቸው። ሳህሊቱ በዚያ ግፊቷ ለንፍሮው ውሃ ተሸክማለች። ሶዶ መናኸሪያ ለጊፋታ ትመጣ እንደሆን ብዬ ከየአገሩ የሚገባውን መኪና እያየሁ ቀኑን ሙሉ ስቆም፣ እግሬ አብጦ፣ ምን ሆነሻል ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። በኋላ ግን አልወደድኩትም። መነጽሩን ሌላ ጊዜ እለካለሁ፤ ያን ቀን አልደረስኩም።

በማግስቱ ሹፌሩ አቤ መጣ። ሀዋሳ ሞተር ሊያሠራ ሰንብቶ ነበር። "ቤኒን አየሁት፤ ብሎኬት ያራግፋል። ሲያየኝ ከመኪናው ጀርባ ዞረ" አለኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ያ ድንኳን ያኔ ቢኖር ጥሩ ነበር። በዚያ ትልቅ ከተማ የቤሌ ሰው ባይሆን ማን ጀርባህን አይቶ ያውቅሃል? ይህን ደብዳቤ የምሰጠው ለእሱ ነው፣ በእጅህ ያድርስልህ። ብሎኬት ማራገፍ አያሳፍርም። ስልክህን የዘጋኸው ለምን እንደሆነ ግን ለእኔም ሊገባኝ አልቻለም።

ና ልልህ እልና፣ መጥተህ ምን ልትሠራ? እዚህ ሥራ የለም። አትምጣ ብዬም ጽፌ ነበር፤ ያንን ወረቀት ቀደድኩት።

የተሸከምከውን ጌታ ያቅልልህ። ከየትኛውም መኪና ጀርባ ብትዞር እሱ እዚያ ይቅደምህ። የላብህን እንጀራ ያጥግብህ።

እናትህ ትዕዛዝ

ስሜን ከጻፍኩ በኋላ አቶ ዱባለ መጡ። የድንኳኑ ቋሚዎች የተነቀሉበትን ጉድጓድ ሊደፍኑ አካፋ ይዘው ነው። "ሰው እግሩን ይሰብርበታል" አሉ። "ይተዉት፣ ቤኒ ይደፍነዋል" አልኳቸው። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት፤ "እንግዲያው ይሄ እዚሁ ይቆየው" አሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። መቼ ነው የሚመጣው ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ሳህሊቱ ተደብቃ ጨው ትበላለች ይባላል፤ እውነት ነው እንዴ?" አሉኝ።