ቆዳሽ አይጾምም

ባንቺአየሁ፣

የጣልሽውን ቅባት ከቆሻሻው ውስጥ አውጥቼ፣ ጠርጌ አልጋሽ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ማሸጊያው ላይ "ከበግ ሱፍ የወጣ ቅባት አለበት" ስለሚል ጾም የምትፈቺ መሰለሽ አይደል? ክንድሽ በግ የሚበላ መስሎሽ ነው? ቆዳ እኮ አፍ የለውም፣ እመቤቴ! ጣቶችሽ ተሰነጣጥቀው አንሶላውን በደም ሲያበላሹት ግን ጽድቅ ነው።

የነፍስ አባትሽ ዘንድ ዘጌ ደወልሁ። አዎ፣ አባ መርስዔ ኀዘን ዘንድ። ሳቁብሽ። "እኔም ተረከዜን የምቀባው እሱን ነው" አሉ። ከዚያ ግን፣ "መስቀል ስትሳለም እጇን በነጠላ የምትሸፍነው ለዚህ ኖሯል?" አሉኝ።



ታጥበሽ ስትወጪ ቆዳሽ ገና እርጥብ እያለ ተቀቢ፤ ከደረቀ በኋላ አይደለም፣ ሐኪሙ ስንቴ ይንገርሽ? በልብስ ሳሙና እጅሽን መፈተግሽንም ተይ።
ሳህኖቹን አትንኪ። እኔ አጥባለሁ።
ለዚህ ደግሞ ምስጋና እንዳታበዢብኝ።

ፋብሪካ ገብቻለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። እሑድ በጀልባ አብረን ዘጌ እንሻገራለን። ነጠላሽን ትከሻሽ ላይ ታደርጊዋለሽ። እጅሽን አባ ይዩት።

ወንጌላዊት