ዘመም ማለቱ ቅርስ ስለሆነው ጭስ ማውጫችን

ለተከበሩ ሚስተር ሌስተር ፔንፎልድ፣
የዊዘርኮም ከተማ ምክር ቤት የቅርስ ጥበቃ ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንዴት ሰነበታችሁ እላለሁ፤ ቤትዎ አዲሱ ሠፈር ስለሆነና በላዩም አንድም ጡብ ስለሌለ ደህና መሆንዎን አልጠራጠርም። እኛም ይህ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ደህና ነን።

እኔ ግዌንዳ ሃስልቤሪ በአደባባይ የምጽፍልዎ ከደስታ ብዛት ነው። ሠፈራችንን የቅርስ ክልል ስትሉት የቤታችንን ጭስ ማውጫ ፎቶ በመመሪያችሁ ሽፋን ላይ አወጣችሁልን፤ እኔም በኩራት ያላሳየሁት ጎረቤት የለም። ገልጬ ሳነብ ግን «ወደ ምሥራቅ ዘመም ማለቱ የጎዳናው ውበት ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባዋል» ይላል። በስተምሥራቅ ያለው የእናቴ መኝታ ቤት ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. በመጋቢት ንፋስ ይባስ ብሎ ሲያዘነብል ላስጠግነው ብዬ ባመለክት፣ ከተቃና መልኩ ይጠፋል ብላችሁ ስለከለከላችሁኝ አመሰግናለሁ።

፪. በጭንቀቴ የእንጨት ድጋፍ ባቆምለት፣ የላካችኋት ባለሙያ ከመንገዱ ማዶ ሆና አንገቷን እንደ ጭስ ማውጫው አዘንብላ ካየችው በኋላ «ድጋፉ እይታውን ይጋርዳል፣ ይነሣ» አለችኝ። እስቲ ከሥሩ ቆመሽ እዪው ብላት «ኧረ እኔስ ከዚሁ ይበቃኛል» ብላ ሳትሻገር ሄደች። ስለ ጥንቃቄዋ አመሰግናለሁ።

፫. ድጋፉ ከተነሣ ወዲህ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ጣሪያው ላይ ጠጠር ሲንከባለል ይሰማኛል። እናቴን ወደ ሳሎን ውረጂ ብላት «አግብቼ የገባሁበትን ክፍል ለጡብ አልለቅም፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ትለኛለች። ዓሣ ጠባሹ ጎረቤታችን ሲሪልም «ግዌንዳ፣ ለእማማ የብረት ቆብ ግዢላት፤ ቀለሙን ግን አስቀድመሽ ምክር ቤቱን አስፈቅጂ» ብሎ አሳቀን። ስቄ ስጨርስ ግን ወጥቼ ጭስ ማውጫውን ቀና ብዬ አየሁት።

ቤቱስ ይጠበቅ፤ የተወለድኩበት ነው፣ እንዲፈርስብኝ አልሻም። የምለምነው ድጋፉ ዛሬውኑ እንዲመለስ፣ ጡቡም አንድ በአንድ ወርዶ በዚያው በጥንቱ ኖራ እንደገና እንዲሠራ ብቻ ነው። ስትሠሩት ዘመም ብታደርጉትም አልቀየምም።

በጭስ ማውጫው ጥላ ሥር፣ ዓይኔን ከጣሪያው ሳልነቅል፣
ትሑት አክባሪዎ
ግዌንዳ ሃስልቤሪ

ማስታወሻ፦ ፈርሜ ፖስታውን ላሽግ ስል አንድ ጡብ ጣሪያውን በስቶ የእናቴ ትራስ ላይ አረፈ፤ ደግነቱ እርሷ ሻይ ልትጠጣ ወርዳ ነበር። በመመሪያችሁ መሠረት ከጭስ ማውጫው አንዳች ነገር ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው ስለማይነሣ ጡቡን አልነካሁትም፤ እስካሁን ትራሷን ተንተርሶ ተኝቷል። እናቴን ግን ሹራብ መሥሪያዋን እንደያዘች ቢሮዎ በር ላይ ካለው ወንበር ተቀምጣ ያገኟታል። እርሷን ከቦታዋ ለማንሣት ፈቃድ የሚጠይቅ አንቀጽ ብፈልግ አጣሁ።